ሻምበሉን ማክበር፦ ከየካ አባዶ አንድ ጉዳይ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ሳይት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ የ90 ዓመት አዛውንት ይኖሩ ነበር። ተራ ወታደር ሆነው ገብተው፣ አምስት የጦር ሜዳ አይተው፣ በሻምበልነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በየካቲት 2016 የሳይቱ ነዋሪዎች ልናከብራቸው ተሰባሰብን። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ፣ የት ላይ እንደተቸገርን፣ ምን እንደወሰንንና ምን እንደቀረ እጽፋለሁ። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ሰፈሩ በሙሉ "አባባ ሻምበል" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ወረቀቱ ሁሉ በእጄ አልፏል።

ብዙ እድሮችና የነዋሪ ማኅበራት እንዲህ ያለ ነገር ያስባሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግር የሚመጣው ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ባነር ሲታዘዝ ነው። አንድ የዕድሜ ልክ ወታደር ከካባም ከጋቢም በፊት የሚፈልገው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱ ሳይጨመርበት፣ ሳይቀነስበት፣ እንዳለ እንዲነበብለት ይፈልጋል።

አባባ ሻምበል ማን ናቸው

የተወለዱት በ1926 ቡልጋ ነው። በ1943 የንጉሡ ጠባቂ ጦር የነበረው ክቡር ዘበኛ ገቡ። በ1945 ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ከላከቻቸው ሻለቆች አንዱ ከሆነው ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ያኔ 19 ዓመታቸው ነበር። በሐምሌ 1945 ተኩስ ሲቆም እዚያው ግንባር ላይ ነበሩ። በ1952 ክረምት የተባበሩት መንግሥታት ለኮንጎ ጦር ሲጠይቅ ከሄዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ እሳቸው ኮንጎ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ የጦር ጓደኛ ከጦር ጓደኛ ሲታኮስ አለማየታቸውን እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን ያመሰግኑበታል።

በየካቲት 1956 ከሶማሊያ ጋር ውጊያ ሲነሳ ምሥራቅ ነበሩ። በ1969 እና በ1970ም እንደገና እዚያው። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ የወጡት በእግር ነው። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ሲለቀቅና ጅጅጋ ስትመለስ ደግሞ አብረው ገብተዋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ተላኩ። በ1977 እግራቸውን ቆስለው ጡረታ ወጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ማለት ነው።

ስለ ኮሪያ ትንሽ ልበል፤ ወጣቶቹ ብዙም ስለማያውቁት። ኢትዮጵያ ወደዚያ ጦርነት 6,037 ዘማቾችን ልካለች። ሻለቆቹ በየተራ እየተተኩ በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። የሞቱትንም ባዕድ አገር ጥለው አልመጡም። አፅማቸው ተመልሶ አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። አባባ ሻምበል ስለ ኮሪያ ሲጠየቁ ስለ ራሳቸው ከመናገራቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያነሱት ይህን ነው። "ሬሳ ጥለን አልመጣንም።"

እዚህ የመጡት ቀበና አካባቢ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ሲፈርስ ነው። ባለቤታቸው አርፈዋል። ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ደርሷት ስለነበር ይዛቸው መጣች። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ስንገናኝ በዓመት ውስጥ ከሕክምናና ከፋሲካ በቀር ወርደው አያውቁም ነበር። ይህ ነገር በኋላ የጉዳዩ ዋና ጭብጥ ሆነ።

የመጀመሪያው ዕቅድ

ሐሳቡን ያመጡት የሳይቱ ወጣቶች ናቸው። የዓድዋን በዓል ለማክበር ሲመካከሩ አንዱ "እዚሁ ጀግና እያለን" አለ። ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። ድንኳን፣ ትልቅ ባነር፣ ስፒከር፣ ጋሻና ጦር፣ ካባ፣ ከወረዳ የሚጋበዙ እንግዶች፣ የእያንዳንዱ እንግዳ ንግግር። የሚነበበውንም ጽሑፍ አንድ ልጅ አዘጋጀ። በቅንነት ነው የጻፈው፤ ልቡ ሞልቶ ነበር። ግን "በኮሪያ ምድር ብቻቸውን ኮረብታ የያዙ" የሚል ነገር ነበረበት።

ጽሑፉን ይዤ ወጣሁ። አባባ ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ በእርጋታ መለሱልኝ።

"ልጄ፣ ብቻዬን የያዝኩት ኮረብታ የለም። አብረውኝ የነበሩት የት ሄዱ?"

ሦስት ስም ነገሩኝ። ሁለቱ ኮሪያ፣ አንዱ ምሥራቅ የወደቁ ናቸው። "የእኔን ከማንበባችሁ በፊት የእነሱን አንብቡ። ያለዚያ አልወርድም" አሉ። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፤ የቤተሰቦቻቸው ነው።

ይህ ጥያቄ ሥራውን ከሥሩ ቀየረው። ባነሩ ቆመ። መጀመሪያ የሰውየውን የአገልግሎት ታሪክ አጣርተን እንድንጽፍ ተስማማን።

ጣሳው

ማስረጃቸው ሁሉ በአንድ አሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ነው ያለው። የጡረታ ደብተር፣ የተጣጠፈ የስንብት ወረቀት፣ ጀርባቸው ላይ ማኅተም ያለባቸው ፎቶዎች፣ ሜዳዮች። ከሜዳዮቹ አንዱ የተባበሩት መንግሥታት ለኮሪያ ዘማቾች የሰጠው ነው። ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር አለው። ጽሑፉ በአማርኛ ነው። አዎ፣ በአማርኛ። ያ ሜዳይ ለየአገሩ ጦር በየቋንቋው ተቀርጾ ነበር፤ የኢትዮጵያውያኑ በእኛ ፊደል ወጣ። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ጣሳውን ከበው ለረጅም ጊዜ አልተነሱም።

ጣሳው ራሱ ታሪክ አለው። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራ ነው። በደቡብ ኮሪያ በኩል የተዋጋ ኢትዮጵያዊ በዚያ ዘመን ሜዳዩን አድርጎ ሊታይ አይችልም ነበር። ብዙዎቹ ደበቁ፤ ሸጠው የጨረሱም አሉ። የአባባ ሻምበልን ባለቤታቸው ጣሳ ውስጥ ከትተው ከጤፍ ማስቀመጫው ሥር ቀበሩት። እሳቸው በዚያው ሰዓት ለዚያው መንግሥት ምሥራቅ እየተዋጉ ነው። በኋላ ለካራማራ የተሸለሙት ሜዳይ በግልጽ ደረት ላይ የሚደረግ ሆነ። የኮሪያው ከጤፍ በታች ቀረ። ሁለቱ በአንድ ደረት ላይ አብረው ውለው አያውቁም።

የካራማራው ሜዳይ ግን ጣሳው ውስጥ የለም። ወረቀቱ ብቻ ነው ያለው። በ1985 ባለቤታቸው ታመው መድኃኒት መግዣ ሲጠፋ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ለቱሪስት ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ሰጡት። ይህን ሲናገሩ አላፈሩም፤ ማፈርም የለባቸውም። አንዱ ወጣት ተመሳሳዩን ፈልገን እንግዛላቸው አለ። አባባ ሻምበል እምቢ አሉ። "የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የሌላ ሰው ደም ደረቴ ላይ አላደርግም።" ስለዚህ ያለው ሜዳይ ይደረጋል፣ የጎደለው ከወረቀቱ ላይ ይነበባል ብለን ወሰንን። ይህን ውሳኔ ለማንም እመክራለሁ። የጎደለ ሜዳይ የሰውየው ታሪክ አካል ነው። በሌላ አይሞላም።

ስብሰባው

ጽሑፉ ለኮሚቴው ሲቀርብ ክርክር ተነሳ። አንዱ "የደርግ ሽልማት ለምን ይነበባል?" አለ። ሌላው ደግሞ የንጉሡ ነገር እንዳይበዛ ፈለገ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ በየዘመኑ የተጎዳ ሰው አለ። የእኔ አቋም ግልጽ ነበር። ወታደሩ መንግሥት አልመረጠም። ድንበር ጠብቅ ሲባል ጠበቀ። ሜዳዩን የሰጠውን እያየን የምንቆርጥ ከሆነ የምናከብረው የራሳችንን ፖለቲካ ነው። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ እያንዳንዱ ዘመቻ በዓመተ ምህረቱና በቦታው እንዲነበብ፣ ስለ መንግሥታቱ ግን ክፉም ደግም እንዳይባል ተስማማን።

ከባዱ የሰሜኑ ነበር።

እኛ ብሎክ ውስጥ በዚያ ጦርነት ወንድማቸውን በሌላኛው ወገን ያጡ እናት አሉ። ደግ ጎረቤት ናቸው። አባባ ሻምበል ሲታመሙ ሾርባ የሚያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። የሰሜኑ ዘመቻ በድንኳን ውስጥ፣ በስፒከር፣ በእልልታ ሲነበብ እኚህ ሴት የት ይቀመጣሉ? ዝም ብሎ መዝለልም አልተቻለም። ሰባት ዓመት ገደማ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ የቆሰሉትም እዚያ ነው።

ይህን ለኮሚቴው ድምፅ አልተውነውም። እሳቸውን ጠየቅናቸው። ትንሽ ቆዩና እንዲህ አሉ።

"ሄጃለሁ። አልክድም። እዚያ የሞተውም የገደለውም ያገር ልጅ ነው። አንብቡት፤ ግን እልል አትበሉልኝ። ሽለላም እንዳይኖር።"

እንደዚያው ሆነ። በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዓመቱና የቆሰሉበት ብቻ። ለእናትየው ቀደም ብዬ ሄጄ ነገርኳቸው። "እኔ ልቅር ብዬ ነበር" አሉኝ። መጡ። ድፎ ዳቦውን የጋገሩትም እሳቸው ናቸው።

ወታደርን እናክብር የሚል ሁሉ ይህን ቦታ እንዲያስብበት እለምናለሁ። በዚህች አገር ብዙ ዘመቻ ያየ ሰው ከውጭ ጠላት ጋር ብቻ ተዋግቶ አያውቅም። ጎረቤቶቹም ከአንድ ወገን ብቻ አልመጡም። ምን እንዴት እንደሚነበብ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ወታደሩ ራሱ ነው። ከሁላችንም በላይ ያሰበበት እሱ ነውና።

እድሩና ገንዘቡ

እድር ለሞተ ነው። ደንባችን እንዲህ ይላል፤ የሁሉም እድር ደንብ ማለት ይቻላል እንዲህ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ለለቅሶ ነው። ስለዚህ "ለሕያው ሰው ገንዘብ እናውጣ" ስንል አንድ የቆዩ አባል ተነሱ። ደንቡ ይጣሳል፣ ነገ ሁሉም ይጠይቃል አሉ። እውነት አላቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ተናገርኩ። እኚህ ሰው ነገ ቢያርፉ ድንኳን እንተክላለን፣ የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል፣ የቀድሞ ሠራዊት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። ያንን ሁሉ የማይሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በመጨረሻ መሃል መንገድ አገኘን። ደንቡ አልተነካም። ድንኳኑና ወንበሩ ያለ ኪራይ ተሰጠ። ገንዘቡ ከእድሩ ሣጥን ሳይሆን በፈቃደኝነት በቤት ለቤት መዋጮ ተሰበሰበ። ጋሻና ጦሩን ሰረዝን። ካባውም ቀረ። ልጃቸው "ጋቢ ሞልቶናል" ብላ ነበር፤ ስለዚህ ጋቢም አልገዛንም። የተሰበሰበው ሁሉ ለአንድ ነገር እንዲውል ተወሰነ፤ አባባ ሻምበል አራት ፎቅ ደረጃ መውጣትና መውረዱ እንዲቀርላቸው።

ቀኑ

እሑድ የካቲት 24 ቀን 2016 መረጥን። ቅዳሜ ዓድዋ፣ ማክሰኞ ካራማራ፤ መሃሉ ላይ የእሳቸው ቀን። ዐቢይ ጾምም ረመዳንም መጋቢት 2 ሊገቡ ሳምንት ቀርቷቸው ስለነበር ሁሉም በአንድ ማዕድ በላ። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ቀን ሲመረጥ ካላንደሩ ላይ የሁሉም ጎረቤት ጾም መታየት አለበት።

ወጣቶቹ በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷቸው አስበው ነበር። አልፈቀዱም። "በእግሬ ነው የምወርደው" አሉ። ስለዚህ በየፎቁ ወንበር አስቀመጥን። በየወንበሩ ትንሽ አረፉ። የየፎቁ ሰው በሩን ከፍቶ፣ ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጣቸው። ማንም አላዘዘም። አንዳንዱ ጎረቤት እሳቸውን ከነጭራሹ አይቷቸው አያውቅም ነበር። አራት ፎቅ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ያንን ጊዜ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ።

ሱፍ ኮት ለብሰዋል። ሜዳዮቹ በግራ ደረታቸው ላይ ናቸው። ያስተካከላቸው እዚሁ ሳይት የሚኖር ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነው፤ እሱ ቅደም ተከተሉን ያውቃል። ቤት ውስጥ፣ ከመውረዳቸው በፊት ነው የተደረገው። ይህም የታሰበበት ነው። በሰው ፊት፣ በፎቶ መሃል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ መርፌ ማጠላለፍ አዛውንትን ያስጨንቃል።

መጀመሪያ ሦስቱ ስሞች ተነበቡ። አባባ ሻምበል ቆሙ፤ እኛም ቆምን። ከዚያ አገልግሎታቸው ተነበበ። ከጽሑፉ ውስጥ "ጀግና" የሚለው ቃል እንኳ ወጥቶ ነበር። በየዓመቱ የነበሩበት ቦታና የሠሩት ሥራ ብቻ ነበር የቀረው። የካራማራው ሽልማት ከወረቀቱ ላይ ሲነበብ፣ የኮሪያው ደግሞ እዚያው ደረታቸው ላይ ሲታይ፣ ልጃቸው አለቀሰች። የእናቷን ጣሳ ታውቃለችና። ሰሜኑ ሲነበብ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ስለ ምሥራቁ አንድ ሽማግሌ ቀረርቶ አሰሙ፤ እልልታውም ያኔ ወጣ።

የእንግዶች ንግግር አላደረግንም። በእሱ ፈንታ ልጆች ጠየቁ። "ኮሪያ ምን ትበሉ ነበር?" "ቆርቆሮ" አሉና ሳቁ፤ የቆርቆሮ ምግብ ማለታቸው ነው። "ትፈሩ ነበር?" ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። "ሁልጊዜ። የማይፈራ ሰው ጓደኛውን ያስገድላል" አሏት። ስለ ሕፃናቱም ነገሯቸው። ቃኘዎች ከደመወዛቸው እያዋጡ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ የኮሪያ ልጆችን ይረዱ ነበር። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው በሌላ መልክ በራ። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጨረስን።

ከዚያ በኋላ

መሬት ላይ ያለ አንድ ቤት በኪራይ ተይዞ ነበር። ተከራዮቹ በቅርብ የተጋቡ ወጣቶች ናቸው። በዓሉ ላይ ነበሩ። በማግሥቱ መጥተው "እኛ አራተኛ ፎቅ መውጣት አያቅተንም" አሉ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ያለው፤ በስልክ ተስማማ። የሁለቱ ቤት ኪራይ ልዩነት አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከመዋጮው ተሸፈነ። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ለሁለቱም ወገን መውጫ ቀን ተቀምጦለታል። አባባ ሻምበል ከግንቦት ጀምሮ ምድር ቤት ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ሳያናግሯቸው አያልፉም።

የወረቀቱ ጉዳይ ግን ገና ነው። ስናጣራ ሁለት ፋይል ላይ የአባታቸው ስም በተለያየ መንገድ ተጽፎ አገኘን። በአንዱ ደግሞ ማዕረጋቸው መቶ አለቃ ላይ ቆሟል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በፍርድ ቤት ይረጋገጥልኝ አለ። ሦስት ምስክር ይፈለጋል፤ የሚያውቋቸው የጦር ጓደኞች አብዛኞቹ አርፈዋል። ሃምሳ አለቃውና ሁለት የቀበና ጎረቤቶች ለመመስከር ተዘጋጅተዋል። ሌላ እድር ይህን ከጀመረ ከድንኳኑ በፊት ይህን ያጣራ። የ90 ዓመት ሰው ቀጠሮ እየተሰጠው መመላለስ አይችልም፤ ለልጁ ውክልና ማሠራትም ቀድሞ ቢያልቅ ይሻላል።

በዓሉ ሌሎችንም አወጣ። በባድመ ጊዜ የዘመቱ አንዲት ሴት እዚሁ ሳይት አሉ፤ ማንም አያውቅም ነበር። ሌላው በ1969 ታጠቅ የጦር ሰፈር ሠልጥነው ምሥራቅ የዘመቱ የሚሊሻ አባል ናቸው። እኚህ ሰው ሜዳይም ወረቀትም የላቸውም። የቀራቸው እጃቸው ላይ ያለው ጠባሳና ትዝታቸው ነው። የእሳቸውን አገልግሎት እንደ አባባ ሻምበል ቁልጭ አድርገን ለመጻፍ አብሯቸው የነበረ ሰው እየፈለግን ነው። በ1969 ታጠቅ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የነበረ፣ በተለይ ከሰላሌ አካባቢ የሄዱትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳይቱ እድር ቢሮ ክፍት ነው።